ሁለት ምስል ዘግይቶ

በሥራ ቦታዬ «አስታራቂው» ይሉኛል። ባልና ሚስት አስታርቄ ግን አላውቅም፤ የራሴንም ትዳር ማስታረቅ አቅቶኝ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። እኔ የማስታርቀው ፀሐይን የሚለኩ ሰዎችን ነው። የዛሬው ታሪክ የሁለት ለኪዎች ነው፤ እኔ በመሃል ቆሜ ያየሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ። ከመካከላቸው ለማን እንደማዳላ ራሴም በደንብ አላውቀውም።

ሥራችን ለማስረዳት ከባድ አይደለም። ፀሐይ አልፎ አልፎ ከላይዋ ግዙፍ የጋለ ጋዝ ትተፋለች፤ እኛ ፍንዳታ እንለዋለን። ይህን ፎቶ የሚያነሳ የሕዋ መነጽር አለ። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ክዳን የፀሐይን ፊት ይሸፍንና ዳር ዳሩን ብቻ ያሳያል፤ በየአሥራ ሁለት ደቂቃውም አንድ ምስል ይልካል። ለኪዎቻችን ምስሎቹን በተርታ ያያሉ፤ አንዱን ከቀደመው ላይ ቀንሰው የተለወጠውን ብቻ ያስቀራሉ። ከዚያ ፍንዳታው መጀመሪያ በየትኛው ምስል ላይ ብቅ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሰፋ፣ በምን ፍጥነት እንደሄደ ይመዘግባሉ። ሳተላይት የሚያንቀሳቅሱና የኤሌክትሪክ መስመር የሚጠብቁ ሰዎች በዚያ መዝገብ ስለሚተማመኑ፣ አንዱን ፍንዳታ ሁለት ሰው ይለካዋል። ሁለቱ ተነጋግረው እንዳይስማሙ በተለያየ ፎቅ ይቀመጣሉ። በስማቸው ፋንታም ቁጥር ብቻ ይጽፋሉ።

በአንድ ምስል ቢለያዩ ያለ ነው ተብሎ ይታለፋል። በሁለትና ከዚያ በላይ ምስል ከተለያዩ ግን ቅጽ ዘጠኝ ይሞላል። እያንዳንዳቸው ለምን እንዲያ እንዳዩ በእጅ ጽፈው ይላላካሉ፤ ካልተግባቡ ማኅደሩ ወደ እኔ ይመጣል። ቅጹ ግማሽ ገጽ ባዶ መስመር አለው። ያንን ግማሽ ገጽ ያዘጋጀው ሰው ምን እንደሚጻፍበት ቢያውቅ ኖሮ ሁለት መስመር ብቻ ይተው ነበር።

ቁጥር ሰባት ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትሠራው፤ የሊፍቱ ሠራተኛ ልጅ ናት። አባቷ በዚያ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ሲል ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ልጁን ያስተማራት በዚያችው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ነው። እሷ በኮንትራት ነው የገባችው። ደንባችን ደግሞ የኮንትራት ሠራተኛን ከአንድ ቋሚ ለኪ ጋር ብቻ ያጣምራል፤ የእሷ ጥንድ አምስተኛ ፎቅ ያለው ቁጥር አራት ነበር። ቁጥር አራት የኃላፊያችን ልጅ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እናቱ ኃላፊዋ ታውቃለች፤ ሰባት ግን አታውቅም። «ጋሼ፣ አራት ትልቅ ሰው ናቸው አይደል? መነጽር ያደረጉ፣ ዝምተኛ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። መናገር ስለማይፈቀድልኝ ወረቀቶቼን ማገላበጥ ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ቅጽ የመጣው በገባች በወሩ ነው። አራት እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለቁጥር ሰባት፦ እርስዎ ፍንዳታ ታየ ባሉበት ምስል ላይ እኔ ያየሁት የደበዘዘ ጭረት ነው። በጭረት አልፈርምም።»

ሰባት መለሰች፦ «ለቁጥር አራት፦ እኔም መጀመሪያ ጭረት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ከምስሉ ላይ አንስቼ መስኮቱን ትንሽ አየሁና ተመለስኩ። የደከመ ዓይን የሚያየው የጠበቀውን ብቻ ነው። መስኮት ካለዎት ይሞክሩት።»

በማግስቱ ማኅደሩ ተመልሶ ወረደ፦ «መስኮት አለኝ። ሞከርኩት። ልክ ነዎት።»

ግልባጩ ሲደርሰኝ ሁለቴ አነበብኩት። በሥራ ዘመኔ «ልክ ነዎት» የሚል ቅጽ ዘጠኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው በዘጠኝ ቀኑ መጣ። ሦስተኛው በሳምንቱ። ከዚያ በኋላ አራት «ልክ ነዎት» ማለቱን ተወና ይከራከር ጀመር፤ ክርክሩም እየረዘመ ሄደ። አንድ ቀን ስለ ምስሉ ሁለት መስመር ከጻፈ በኋላ «ዛሬ ከመስኮቴ ጎን ያለው ጣሪያ ላይ ሁለት ሰዎች ቆርቆሮ ሲመቱ ዋሉ፤ ከዚያ ጩኸት መሃል የእርስዎን መልስ መጠበቅ ደህና ሥራ ሆነልኝ» ይላል። እሷም ሳትሸነፍ ትመልሳለች። ካነበብኳቸው ሁሉ አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ የእሷ ነው፦

«ወደ ጎን የሚወጣ ፍንዳታ ለመለካት አያስቸግርም፤ ሲሄድ ይታያል። ፊት ለፊት ወደ እኛ የሚመጣው ግን የሚሄድ አይመስልም። በክዳኑ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ በቃ። እዚያው የቆመ የሚመስል ነገር እየመጣ ሊሆን እንደሚችል የተማርኩት ከዚህ ሥራ ነው።»

እነዚህን ሁሉ ከፎቅ ፎቅ የሚያመላልሰው አባቷ ነበር። ማኅደሩን ሊፍቱ ውስጥ ካለው መስቀያ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ በላዩ ቁጥር እንጂ ስም ስለሌለው የማን እንደሆነ አያውቅም። «ይኼ ማኅደር ከእኔ በላይ ተመላለሰ እኮ» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

አራት ግን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሰባት ማን እንደሆነች አውቋል። ሊፍቱ ውስጥ «ከስድስት ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የሰባት እጅ ጽሑፍ ነው፤ ለአባቷ የጻፈችለት። አራት አንድ ጠዋት ማስታወቂያውን ሲያይ ቆሞ ፎቁን አለፈው። «ይኼን ማን ጻፈው?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው ደረቱን ነፍቶ «ልጄ ናት፤ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትሠራው» አለው። ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ ውስጥ አንድ ላይ ሲገጥሙ እሷ የኃላፊዋ ልጅ ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ እሱ በራሷ እጅ የተጻፈውን ማስታወቂያ እንደ አዲስ ያነባል። አባቷ በመሃል ቆሞ «ደህና አደሩ ጌታዬ» ይላል። ይህ ለአንድ ዓመት ያህል ቀጠለ።

በዓመቱ መጨረሻ አንድ የቋሚ ቅጥር ቦታ ተከፈተ፤ የሰባት ኮንትራትም ማለቂያው ደረሰ። ኃላፊዋ ከምንም ነገር በፊት የልዩነት ሰንጠረዥ እንዳወጣላት አዘዘችኝ። አወጣሁ። ቢሮዋ ጠርታ ወረቀቱን በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«ሰባትና አራት በዓመት አርባ ስድስት ጊዜ ተለያይተዋል» አለችኝ። «አራት ከሌሎቹ አምስት ለኪዎች ጋር ስንት ጊዜ ተለያየ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ልጄ ስለሆነ አይደለም የምጠይቅዎት። እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ከአምስት ሰው ጋር ተስማምቶ ከአንዷ ጋር ብቻ የሚጣላ ከሆነ ችግሩ ማን ጋ ነው?»

 ኃላፊዋ አድልዎ እንዳይባልባት የልጇን ነገር ከማንም በላይ የምታጠብቅ ሴት ናት። ሰንጠረዡ ላይ ፈረምኩ። ሰባት እስከ ሐሙስ የምታቀርበው ማስረጃ ካላት እንድታቀርብ፣ ከሌላት በወሩ መጨረሻ እንድትሰናበት ደብዳቤ ወጣ። በዚያው ቀን ሊፍት ውስጥ ስገባ አባቷ ኮቱን ተኩሶ ለብሷል። «ሐሙስ ስብሰባ አላቸው አሉ፤ ልጄ ቋሚ ልትሆንልኝ ነው መሰለኝ» አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ መውረድ ሲገባኝ ስድስተኛ ወጣሁና በደረጃ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰባት ክፍሌ መጣች። ዓይኗ አላለቀሰም።

«ጋሼ፣ አርባ ስድስቱንም ቅጽ ስጡኝ። ምስሎቹንም።»

«ምን ልታደርጊባቸው?»

«ልለካቸው ነዋ። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ደንቡ ማስረጃ ማየት ስለሚፈቅድላት ሰጠኋት። ሁለት ቀን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣ እያንዳንዱን ፍንዳታ እንደገና ለካች፤ ያኔ የጻፈችውንም እሱ የጻፈውንም በወረቀት ሸፍና። ሻይ አስመጣሁላት፤ ቀዘቀዘ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብርጭቆውን አንስታ ወለሉን አጸዳችና ቅጾቹን መደርደር ጀመረች። አራት ከእሷ ዘግይቶ ያየባቸውን በስተቀኝ፣ ከእሷ ቀድሞ ያየባቸውን በስተግራ። ስትጨርስ ቀኙ እስከ መደርደሪያው እግር ደረሰ። ግራው ባዶ ወለል ነበር።

ቁጭ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ የሚሳሳት ሰው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ይኼ ሰው አንድ ቀን እንኳ አልፈጠነም።»

«ጥንቁቅ ሆኖ ይሆናላ» አልኳት።

«ጥንቁቅማ ቢሆን አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በአምስት ምስል ይዘገይ ነበር። ሁሌ ሁለት! አንድ ቢሆን ቅጽ የለም፤ ሦስት ቢሆን ያስታውቃል። ቅጹን የሚያስጽፈው ሁለት ነው።» ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። «ሰውዬው አይሳሳትም። ፍንዳታውን እኔ ባየሁበት ደቂቃ ያየዋል፤ ከዚያ ሁለት ምስል ይቆጥርና ይጽፋል።»

«ለምን ብሎ?»

ከወለሉ ላይ የመጀመሪያውን ቅጽ አነሳች። «መስኮት አለኝ። ሞከርኩት። ልክ ነዎት።» ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ቆርቆሮ የሚመቱትን ሰዎች። ስታነብ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ አመድ መሰለ። ደስታና ንዴት በአንድ ፊት ላይ ቦታ ሲሻሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የትኛው እንዳሸነፈ ልነግራችሁ አልችልም።

«ለመጻፍ ነው» አለች። «እኔ እንድጽፍለት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ ጋሼ? ሲደርስዎት ምን ይፈርዱ ነበር?»

«ምስሉ ደብዛዛ ከሆነ አማካዩን መውሰድ ይፈቀዳል። በመሃላችሁ ያለውን ምስል እወስድ ነበር።»

«በመሃላችን?»

«ግማሽ ግማሽ» አልኩ።

«በእውነትና በውሸት መሃል ነዋ!»

 መልካም ስሜ የተገነባው በዚያች ግማሽ ግማሽ ነበር፤ ማንም አይከፋብኝም፣ ማንም ሙሉ በሙሉ አይሸነፍም። አሁን ስቆጥረው መዝገቡ ውስጥ አርባ አምስት ጊዜ አሥራ ሁለት ደቂቃ አዛብቻለሁ። አፈርኩ።

«የትኛው ክፍል ነው?» አለችኝ።

«ለኪ ሌላ ለኪ ጋ መሄድ ክልክል ነው።»

«ጋሼ።»

«አምስተኛ ፎቅ። በስተግራ፣ መጨረሻው በር» አልኩና ማኅደሩን ይዤ ተከተልኳት።

ሊፍቱ ሲከፈት አባቷ ፈገግ ብሎ «ስንተኛ?» አላት። «አምስተኛ» አለችው። ፈገግታው ትንሽ ከፊቱ ላይ ወረደ፤ ልጁ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ወጥታ አታውቅም። ቁልፉን ተጫነ።

በሩን አንኳኳች። መነጽር ያደረገ ትልቅ ሰው እየጠበቀች እንደነበር ከአቋቋሟ ያስታውቃል። የከፈተው የኃላፊዋ ልጅ ነው። ከኋላው መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ማዶ ቆርቆሮው አዲስ የሆነ ጣሪያ። ጣሪያውን አየች፣ እሱን አየች።

«አንተ ነህ?»

አንድ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው «አንተ» ያለችው በንዴት ነው። እሱም ሰማው።

«ግቢ» አላት።

አልገባችም። ከእኔ እጅ ማኅደሩን ወስዳ ወደ እሱ ዘረጋችው። «አንዱን ምረጥ። የፈለግከውን። በየትኛው ምስል ላይ ነው ያየኸው?»

ማኅደሩን ተቀብሎ አልከፈተውም። «አንቺ ባየሽበት።»

«ሁሉንም?»

«ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉንም።»

«ለምን?»

«የሚስማሙ ሰዎች አይጻጻፉማ!» አለ፤ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። «ደንቡ ነው። ልክ ነሽ ካልኩሽ ዝም ማለት አለብኝ። ከዚያች ከመስኮቷ ደብዳቤ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

«አጠገቤ ቆመህ ታውቃለህ። ሊፍት ውስጥ፣ ክንድህ ክንዴን እየነካው! ደህና ዋልሽ ለማለት ቅጽ ያስፈልጋል? ፊት ለፊት ብትመጣ ምን ነበረበት?»

«የኃላፊዋ ልጅ ሲገባ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪያለሽ። ቁጥር አራትን ግን በደንብ ታነጋግሪዋለሽ። እኔ ያለኝ አራት ብቻ ነበር።»

ይህ እውነት ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን ልጅ እንደምታስረዳ፣ እንዲህ አለችው፦

«ለአንተ ልዩነት ደብዳቤ ነው። ለእኔ ጉሮሮዬ ነው። አርባ ስድስት ልዩነት ተቆጠረብኝ። ሐሙስ ሊያሰናብቱኝ ነው።»

ፊቱ ገረጣ። እንዳላወቀ ከፊቱ አነበብኩ፤ ልዩነት ሰውን ከሥራ እንደሚያስወጣ አስቦት አያውቅም። የሚያስብበት ምክንያትም አልነበረውም፤ እሱን የሚያስወጣው የለማ።

«ዛሬውኑ ለእናቴ እነግራታለሁ» አለ። «ማታ፣ እቤት። አንቺ ምንም አትሆኚም።»

«እቤት አይደለም!» መተላለፊያው አስተጋባ። «እናትህ ቤት ከተወራ በምሕረት ነው የምቀረው። ምሕረት አልፈልግም። እኔ ልክ ነበርኩ! አርባ አምስት ጊዜ ልክ ነበርኩ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

«ቅጽ ዘጠኝ። አርባ አምስት። አንድ በአንድ፣ በእጅህ።»

«ያንን ካደረግኩ ዳግመኛ መለካት የሚፈቅድልኝ የለም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቀላል ነገር እየጠየቅኩህ አይደለም።»

ለመሄድ ዞራ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች፤ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

«ደብዳቤዎቹን እወዳቸው ነበር። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ጠዋት ማኅደሩ ሲወርድ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ሊፍቱ ጋ ይደርስ ነበር። አንድ የማይዋሽ ሰው አለ ብዬ ነበር፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ።»

ስንወርድ አባቷ ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ምንም። ፎቅ ተሳስቼ ነው፣ አባዬ።»

በሊፍት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመ ሰው ፎቅ የተሳሳተና ያልተሳሳተ ሰው ይለያል። እሱ ግን ልጁን ስለሚያከብር የሁለተኛ ፎቅን ቁልፍ ተጫነ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሐሙስ ስብሰባው በጠዋት ነበር። ኃላፊዋ፣ ሁለት የቅጥር ኮሚቴ አባላት፣ እኔ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ደግሞ ሰባት። ሰባት በሁለት ቀን የሠራችውን ልኬት አቅርባ ተናገረች፤ ሁሌ ሁለት ምስል፣ አንድ ቀን ያልፈጠነ። ከኮሚቴው አንዱ «ሁለተኛውም ልኬት የራስዎ ነው፤ ራስዎን በራስዎ ነው ያረጋገጡት» አላት። ውሃ የሚያነሳ ነገር ተናግሯል። ሰባት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በሩን አየች። በሩ እንደተዘጋ ነው። እሷ በሩን የምታየው ቅጾቹን ፈልጋ ብቻ አልነበረም፤ አንድ የማይዋሽ ሰው አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያ በኩል ነበር የሚመጣው። ያን ጊዜ እኔም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ወንበሬን ወደ በሩ መለስ አደረግኩ።

ኃላፊዋ ብዕሯን አነሳች። በሩ ተንኳኳ።

አባቷ ነበር፤ በተተኮሰው ኮቱ፣ ማኅደሩን በሁለት እጁ ይዞ። «ይቅርታ። ከአምስተኛ ፎቅ ነው። አሁኑኑ ይድረስ ተብያለሁ።»

ኃላፊዋ ከፈተችው። የልጇን እጅ ጽሑፍ ገና ስታየው እንዳወቀችው ከትከሻዋ አየሁ። ሁሉም ቅጾች አንድ ዓይነት ነበሩ፣ ቀናቸው ብቻ ይለያያል፦ «ለቁጥር ሰባት፦ ፍንዳታውን እርስዎ ባዩበት ምስል ላይ አይቼው ነበር። ሁለት ምስል አዘግይቼ የመዘገብኩት ሆን ብዬ ነው። ልዩነት የለም።» ቆርቆሮ የለም፣ መስኮት የለም፤ አንዲት ትርፍ ቃል የለችም። አርባ አምስት ጊዜ።

አርባ አምስቱንም አነበበች። አንድ ዓይነት መሆናቸውን እያወቀች አንዱንም አልዘለለችም።  ስትጨርስ ወደ ሰባት ቀና አለች።

«ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ?»

«በፊተኞቹ ላይ ጽፎታል» አለች ሰባት።

የፊተኞቹን አቀበልኳት። ሦስት አነበበች፣ አራት አነበበች፤ ስለ ቀለበቱ የተጻፈው መልስ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለትምህርት ርቆ አራት ዓመት ሲኖር አንድ ደብዳቤ ነው የጻፈልኝ» አለች። «እሱም ካልሲ ላኪልኝ የሚል።»

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ እኔ ተነሳሁ፤ ካልተነሳሁ ከዚያ በኋላ መቼም እንደማልነሳ አውቄዋለሁ። «አማካዩን እየወሰድኩ አርባ አምስቱንም ያዛባሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ» አልኩ። ተጻፈ። ሰባት ቋሚ እንድትሆን ተወሰነ። ቁጥር አራት ከለኪነት ተነስቶ፣ ምድር ቤት ያሉትን የድሮ ፊልሞች እየፈተሸ መዝገብ ያልገቡ ፍንዳታዎች የመፈለግ ሥራ ተሰጠው፤ ማግኘት እንጂ መለካት አይፈቀድለትም። ይህን ውሳኔ እናቱ በገዛ እጇ ጻፈችው፤ ፊርማዋ ከወትሮው ትንሽ ተንሻፍፏል።

ውጭ አባትየው ነገሩን ከአንዱም ከሌላውም አንስቶ ገጣጥሞታል። ሊፍቱ ውስጥ ማስታወቂያው ስር ቆሞ ያዘኝ።

«ያንን ማኅደር ዓመቱን ሙሉ ያመላለስኩት እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«የልጄን?»

«የልጅህን።»

«ጉድ! በገዛ እጄ!» አለና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ሳቁ መሃል ላይ ግን ዓይኑን በኮቱ እጀታ ጠረገ።

ወራት አለፉ። ከምድር ቤት የፊልም ሳጥኖች እየወጡ ሁለተኛ ፎቅ ይደርሳሉ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቀንና የጥቅል ቁጥር፣ ሌላ ምንም። ሰባት ወረቀቱን ታነባለች፣ ከዚያ ትገለብጠውና ጀርባውን ታያለች። ጀርባው ባዶ ነው። ሰው ካያት ቶሎ ትመልሰዋለች። ተናዳ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እንዳልበረደላት አስብ ነበር። አንድ ቀን ግን ራሷ «ምንም አይጽፍም እኮ» አለችኝ። ከተናደደ ሰው አፍ የሚወጣ ድምፅ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሳጥን መጣ። ወረቀቱ ላይ ከቀንና ከቁጥሩ ሌላ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ቀለበት ይመስለኛል። ልለካው አይፈቀድልኝም። ይታይ።» ፊልሙ ከማናችንም የሥራ ዘመን በፊት የተነሳ ነው፤ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ነገር ከመደብዘዙ የተነሳ እስከ ዛሬ ስንት ዓይን አልፎታል። ሰባት አየችው፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች፣ እንደገና አየችው። ለካችው። ሁለተኛው ለኪም ለካው፤ ተስማሙ። ፊት ለፊት የመጣ ፍንዳታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብዕሯን ይዛ ክፍሌ መጣች።

«ጋሼ፣ ቀለበት ነው ያለው ልክ ነው።»

«ደግ።»

«ልክ ነህ ለማለት ስንት ቁጥር ቅጽ ነው የሚሞላው?»

«ቅጽ የለውም» አልኳት። «ከተስማማሽ ወረቀት አይላክም። ሰው በአፉ ይናገራል።»

ብዕሯን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘኋት። አባቷ በሩን ከፈተ።

«ስንተኛ?»

«ምድር ቤት።»

እጆቿን አያቸው። «ማኅደሩስ?»

«ማኅደር የለም፣ አባዬ።»

ልጁን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ኮቱን አስተካከለና ቁልፉን ተጫነ። በሩ ሲዘጋ ፊቷ ወደ ግድግዳው አልዞረም። እኔ ክፍሌ ተመልሼ ብዕሯን አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥኩ። የማስታርቀው ነገር አልነበረኝም፤ ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ።